መዋጮው ከመጨመሩ በፊት የመድኃኒት መስኮቱን እንይ (ሰሜን ሸዋ)

የማማ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን አገር ቤት በደወልኩ ቁጥር ወሬው ዞሮ ዞሮ የጤና መድን ላይ ነው የሚያርፈው፤ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍሎ በካርድ የሚታከምበት ማኅበረሰብ አቀፉ ላይ። እህል ጎተራ ሲገባ ቀበሌው ስብሰባ ይጠራል። «አድሱ» ይባላል። የዘንድሮው መዋጮ ከአምናው ጨምሮ ይነገራል። ከዚያ ሰዉ እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ይገባል።

ጭማሪውን በጭፍን አልቃወምም። በአምና ዋጋ የሚሸጥ ነገር ማን አይቷል? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ገንዘብ አጠረ በተባለ ቁጥር መፍትሔው ሁሌ ከአባሉ ኪስ ይጀምራል። የሚያፈሰው የት እንደሆነ ግን አንድም ሰው ስብሰባ ላይ ቆሞ አያሳይም።

እናቴ ደም ግፊትም ስኳርም አለባት። ካርዷ ሳይታደስ ያለፈበት ዓመት የለም። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ሐኪሙ ያያታል፣ ላቦራቶሪ ትሠራለች፣ እስከዚህ ድረስ አምስት ሳንቲም አታወጣም። እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ መድኃኒት መስኮቱ ላይ ነው። ወረቀቷን ትዘረጋለች፣ ልጁ አየት ያደርግና ከታዘዘላት ውስጥ አንዱን ይሰጣታል፤ ብዙ ጊዜ ርካሹን። በሌሎቹ ስም አጠገብ «የለም» የሚል ማህተም ጧ ያደርግባቸዋል። ከዚያ ግል ፋርማሲ። «ደረሰኝ አምጪና ገንዘብሽ ይመለሳል» ይሏታል። ፋርማሲው ደግሞ ደረሰኝ ሲባል ፊቱ ይከፋል፣ ወይ ዋጋውን ይጨምራል። እናቴም «ተወው ልጄ» ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ትመለሳለች።

ይህ ነገር አገራችን ላይ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ሰው ሲታመም በሬ እንዳይሸጥ። ዛሬ የሐኪም ቤቱን ወጪ ቀንሶልን የመድኃኒቱን ትቶልናል። ስለዚህ ጥያቄዬ፣ የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ፣ መጀመሪያ መጠገን ያለበት የቱ ነው?

ሳሲት
ይኼ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል? «የለም» የሚሏት ካርድ ስላላት ነው። ያንኑ መድኃኒት በጥሬ ብር ልግዛ ቢሏቸው ከኋላ ይወጣል። በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

ነጭ ጋውን
ሳሲት ወንድሜ፣ ቀስ። እኔ ከዚያ መስኮት ጀርባ የምቆም ሰው ነኝ። የቱ ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ እንጀራዬ ነው።

ደብቆ የሚሸጥ የለም ብዬ አልምልልህም። የብዙው «የለም» ምክንያት ግን ሌላ ነው። እኛ መድኃኒት የምንገዛው በተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ትሸጣለህ፣ በሸጥከው መልሰህ ትገዛለህ። በየሁለት ወሩ የተጠቀምነውን፣ የቀረንንና የሚያስፈልገንን ቅጽ ሞልተን ለመድኃኒት አቅራቢው እንልካለን። ቅጹን መሙላት ቀላል ነው፤ ብሩ ነው የሚቸግረው። በጥሬ ብር የሚገዛ ሰው ሲመጣ ገንዘቡ ዛሬውኑ ሣጥን ይገባል። የመድን አባል ሲመጣ ሣጥን የሚገባው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ፣ ተደምሮ፣ ወረዳ ሄዶ፣ ተመርምሮ ብር ሆኖ እስኪመለስ ሩብ ዓመት ያልፋል። ሲዘገይ ደግሞ ከዚያም በላይ። እስከዚያ መደርደሪያው ይራቆታል። አባል በበዛ ቁጥር የኔ መደርደሪያ የሚሳሳው ለዚህ ነው። ይኼን ስብሰባ ላይ የሚናገር የለም፤ አባል ማብዛት በሪፖርት ጥሩ ቁጥር ነውና።

በዚህ ላይ የዋጋውን ነገር ጨምሩበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መድኃኒታችን አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። እዚሁ የሚመረተውም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። ግንቦት ላይ ለአባል የሰጠሁትን የደም ግፊት ክኒን፣ አምሎዲፒንን፣ በግንቦት ዋጋ ሂሳብ አቀረብኩ እንበል። ብሩ መስከረም ላይ ይመጣል። በዚያ ብር መስከረም ላይ ያንኑ ያህል ክኒን ልገዛ? አይሞከርም። ማንም ሳይሰርቀኝ ከስሬያለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው አባል «የለም» ይባላል። ጥፋቱ የማን ነው? የሱም አይደለም፣ የኔም አይደለም።

የማማ ልጅ
ይኼን ነበር የፈለግኩት። እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ መዋጮውን እጥፍ ብናደርገው እንኳ ብሩ ከሩብ ዓመት በኋላ እስከመጣ ድረስ እናቴ ያው «የለም» ነው የሚደርሳት።

ነጭ ጋውን
ያው ነው። ትንሽ የተሻለ «የለም» ይሆናል።

የምንጃር ነጋዴ
እኔ ግን ሌላ ቅሬታ አለኝ። አድሱ ባሉኝ ቁጥር ከፍያለሁ። እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን። አንድ ቀን ካርዱን አውጥቼ አላውቅም። ሁለቱ ልጆቼ 18 ስላለፉ ለነሱ ተጨማሪ ክፈል ተባልኩ። ላልታከምኩበት ምንድን ነው የምከፍለው? ቢያንስ ላልተጠቀመ ሰው የተወሰነውን ይመልሱለት።

እትዬ ወለላ
አይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። አንተ እድር ውስጥ የለህም? ሰው አልሞተብኝም ብለህ የእድር ብርህን መልሱልኝ ትላለህ? ጤነኛ ሆነህ መክረምህ ነው ትርፉ። እኔ ባለቤቴ ሽንት ተከልክሎ ቀዶ ሕክምና ሲባል ያን ካርድ ይዤ ነው ደብረ ብርሃን የሄድኩት። ካርዱ ባይኖር ያቺን ያለችኝን ላም ነበር የምሸጣት። የኔን ወጪ የከፈላችሁት እናንተ ጤነኞቹ ናችሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፤ ነገ ደግሞ በተራዬ።

የምንጃር ነጋዴ
እትዬ፣ እርስዎ ካሉማ ምን እላለሁ። ግን እድር ላይ ሂሳቡ በየወሩ ይነበባል። ገንዘብ ያዡን ስሙን ጠርቼ እጠይቀዋለሁ። የመድኑን ብር ማን እንደያዘው እንኳ አላውቅም።

ሂሳብ ክፍል
ነጋዴው ያነሳት ነገር ትክክል ናት። ልመልስ፤ ወረዳ የመድን ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ለቅቄያለሁና በነጻነት ልናገር።

ብሩ ያለው በወረዳው የመድን ሂሳብ ነው። ምንጮቹ የአባላት መዋጮ፣ ለድሆች ወረዳና ክልል የሚሸፍኑት፣ ከዚያ የፌዴራሉ ድጎማ ናቸው። የፌዴራሉ ድጎማ በሙከራው ጊዜ የመዋጮውን 25 በመቶ ነበር፣ በኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ብዙ ሰው ይኼን አያውቅም። መዋጮ ለምን ጨመረ ሲባል ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ይባላል፤ መንግሥት የሚያዋጣው ድርሻ ስለቀነሰም ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የወረዳ መድን ቢሮ ማለት በጣት የሚቆጠር ሰው ነው። አስተባባሪ፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ የሕክምና ሂሳብ የሚመረምር ባለሙያ፣ እሱም ካለ። የጤና ጣቢያዎቹ ሂሳብ የሚመጣው በወረቀት ነው። አንዳንዴ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ። ከረጢቱን ትዘረግፈውና መሬት ላይ ተቀምጠህ በየቀበሌው ትለያለህ። አንዱ ወረቀት ላይ የካርድ ቁጥሩ አይነበብም። አንዱ የሐኪም ፊርማ የለውም። አንዱ ላይ የታዘዘውና የተሰጠው አይገናኝም። ሁሉንም ላንብብ ካልክ ብሩ ይዘገያል፣ ነጭ ጋውን ይከስራል። ዝም ብለህ ከፈልክ ደግሞ ቋቱ፣ ማለትም የመድኑ የጋራ ገንዘብ፣ ይፈሳል። በዚህ መሀል ነው ያለነው።

ምን ይፈስሳል ካላችሁ፦ ለጉንፋን የመጣ ሰው አራት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝለታል። አንዱ ሴፍትሪያክሶን የሚባል የአንቲባዮቲክ መርፌ ይሆናል። መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው ሰው አለ፤ ሐኪሙም ከመከራከር መውጋት ይቀለዋል። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ ለጉሮሮው አሞክሲሲሊን፣ ለራሱ ሌላ። ካርዱ ላይ የተለጠፈው ፎቶና መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው የማይመሳሰሉበትም ጊዜ አለ። ጎረቤት ለጎረቤት ካርድ ያውሳል። ደግነቱን እረዳለሁ፤ ሂሳቡን ግን ያናጋዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የቋቱ ማነስ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ቋት ይዞ ይቆማል። አንድ ዓመት ላይ ጥቂት ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ለከባድ ቀዶ ሕክምና ከተላኩ የዚያ ወረዳ ሂሳብ ይንገዳገዳል። አጎራባቹ ወረዳ ደግሞ ብር ተርፎት ይከርማል። ቋቱን ወደ ዞን፣ ወደ ክልል እናሳድገው የሚባለው ለዚህ ነው። የተረፈው ወረዳ ግን «የኛን ብር ለነሱ?» ይላል። ስብሰባው በዚያው ይበተናል።

ሳሲት
«የኛን ብር ለነሱ» የሚሉት ካድሬዎቹ ናቸው ሕዝቡ?

ሂሳብ ክፍል
ሁለቱም።

ደብረ ብርሃን መምህር
ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ትንሽ የውጭውን ላምጣ፣ ትምህርት እንዳይመስልባችሁ ባጭሩ።

ሩዋንዳ እንደኛው በመንደር ጀምራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አስተዳደሩን ከየአካባቢው አንስታ ለአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ ሰጠችው። ሆስፒታል ላይ ታካሚው ከሂሳቡ 10 በመቶ ራሱ ይከፍላል። ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሕግ ስታወጣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 2.5 በመቶ ለመድን እንዲሰበሰብ አደረገች። ገንዘቡ ከገበሬው መዋጮ ብቻ እንዳይጠበቅ ማለት ነው። ይኼ የማማ ልጅ ያነሳው ነገር ነው፤ ለምን ሁሌ ከአባሉ ኪስ ብቻ?

ወጪ መቆጣጠሩ ላይ ስንመጣ ዋናው ጥያቄ ለጤና ጣቢያው እንዴት ነው የምንከፍለው የሚለው ነው። እኛ ጋ በተሠራው ሥራ ልክ ነው የሚከፈለው። ብዙ ባዘዝክ ብዙ ታገኛለህ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለተመላላሽ ሕክምና በነፍስ ወከፍ ትከፍላለች። ማለትም በተመዘገበብህ ሰው ቁጥር የተወሰነ ብር አስቀድሞ ይሰጥሃል፣ በዚያ አክም ትባላለህ። ትርፍ መርፌ ብትወጋ የምትከስረው አንተው ነህ። የነጭ ጋውንንም ችግር ይፈታል፤ ብሩ ቀድሞ ይመጣልና።

እትዬ ወለላ
10 በመቶ ክፈሉ የሚሉትን ነገር ደግሞ እዚህ እንዳያመጡብን። እኛ ድርሻችንን ፋርማሲ እየከፈልን ነው። ያ «የለም» የሚለው ማህተም ምን መሰላቸው?

የማማ ልጅ
ኧረ እትዬ፣ አንጀቴን አራሱኝ።

ቀወት
መምህር፣ የነፍስ ወከፉ ነገር በወረቀት ያምራል። እኔ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው የምሠራው፣ ነርስ ነኝ። የዝናቡ ወቅት ሲያበቃ ወባ ይመጣል። የወባ መድኃኒቱ በነጻ ነው እሺ። ግን ጉሉኮሱ፣ አልጋው፣ ምርመራው፣ የሰው ኃይሉ? በዚያ ላይ ለማሾና ለሽንኩርት ሥራ ከደጋ የሚወርደው ሰው የኛ መዝገብ ላይ የለም። እሱን «ያልተመዘገብክ» ብዬ ትኩሳት ይዞት ልመልሰው? ብሩ በመዝገብ ቁጥር ከመጣ የኔ ጤና ጣቢያ ጥቅምት ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። ደጋ ያለው ደግሞ ይተርፈዋል።

ደብረ ብርሃን መምህር
ልክ ነሽ። ለዚህ ነው ቋቱ ሳያድግ የነፍስ ወከፍ ክፍያ ብቻውን የማይሠራው። ጋናም አሻንቲ ክልል ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞክራው፣ ተቃውሞ በዝቶባት በ2017 አቆመችው።

ቀወት
ታዲያ የወደቀውን ነገር ለኛ?

ደብረ ብርሃን መምህር
የወደቀው አጀማመሩ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ክልል ብቻ ሲጀመር ሰዉ «ለምን እኛ ላይ?» አለ። እዚህም አንድ ወረዳ ተመርጦ ብቻውን ቢሞከር ያው ይባላል።

ካርድ አልባ
እኔን የሚመለከተኝን ነገር ማንም አላነሳም። ተፈናቅዬ ደብረ ብርሃን መጠለያ ያለሁ ሰው ነኝ። ከነቤተሰቤ መዋጮ የከፈልኩበት ካርድ ነበረኝ። ያ ካርድ የሚሠራው ወረዳዬ ውል ከገባባቸው ተቋማት ጋር ነው። እዚህ አይሠራም። ወረዳዬ ደግሞ አሁን ማን እንዳለበት እንኳ አላውቅም። አዲስ አበባ ለቀን ሥራ የሚሄደው ልጅም እንዲሁ ነው፤ ቤተሰቡ ከፍሎለት እሱ እዚያ በብሩ ይታከማል። ማሻሻል ከተባለ ካርዱ ሰውየውን ይከተለው። አገሩን ሲለቅ የሚሞት ካርድ ምን ይሠራል?

የማማ ልጅ
ወንድሜ፣ ይኼ ከሁሉም የሚቀድም ነው። አይዞህ።

ሂሳብ ክፍል
የቋቱ ማደግ ይኼንንም ያግዛል። ቋቱ የክልል ከሆነ ውሉም የክልል ይሆናል። የትም ብትታከም ሂሳቡ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል። አሁን ባለው አሠራር ግን ሌላ ወረዳ ለታከመ ሰው ማን ይክፈል ሲባል ደብዳቤ ሲመላለስ ዓመት ያልፋል።

የመንግሥት ሠራተኛ
እናንተ ቢያንስ ካርድ አላችሁ። የኛ የደመወዝተኞቹ የጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው፤ ከደመወዝ 3 በመቶ እኛ፣ 3 በመቶ አሠሪው ተብሎ ታወጀ። ከዚያ ዓመት በዓመት «ሊጀመር ነው» እየተባለ ተንከባለለ። እውነቱን ለመናገር የኛም ሰው አልፈለገውም። በዚህ ኑሮ ላይ 3 በመቶ ስትነካው መምህሩ ይጮሃል። ግን የደመወዝተኛው ብርና ወርኃዊ መዋጮ ከገበሬው ጋር አንድ ቋት ቢገባ ነገሩ ሁሉ ይቀየር ነበር። የኛ በየወሩ የሚገባ ብር ነው፤ የገበሬው በዓመት አንዴ።

ሳሲት
ደመወዝተኛው ከገበሬ ጋር አንድ ቋት? ሕልም ነው። እናንተ የግል ክሊኒክ ነው የምትሄዱት።

የመንግሥት ሠራተኛ
የትኛው ደመወዜ ነው ግል ክሊኒክ የሚወስደኝ? ደሞዝተኛ አይተህ አታውቅም እንዴ?

የማማ ልጅ
እሺ ሳትጣሉ። እስካሁን የተባለውን ስሰማ እኔ በአቋሜ ጸንቻለሁ። መዋጮው ይጨመር ከተባለ ይጨመር፣ ግን ሁለት ነገር ይቅደመው። አንደኛ፣ ለጤና ጣቢያዎች ከሚጠበቀው የሩብ ዓመት ሂሳብ ላይ የተወሰነው በቅድሚያ ይሰጥ። ወረቀቱ በኋላ ተመርምሮ ይቀናነሳል። ይኼ አዲስ አዋጅ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ የማይቋረጡ መድኃኒቶች፣ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ የአስም፣ በዞን ደረጃ በአንድ ላይ ይገዙ። እነዚህ መቼ ስንት እንደሚያስፈልጉ ይታወቃል። የእናቴ የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ድንገተኛ አይደለም፤ በየወሩ ያው ነው። ይኼን ያህል የታወቀን ነገር «የለም» ማለት የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የአሠራር ስንፍና ነው።

ነጭ ጋውን
በሁለተኛው እስማማለሁ። በአንድ ላይ ሲገዛ ዋጋውም ይወርዳል፣ አቅራቢውም ያከብርሃል። ትንሽ ጤና ጣቢያ ብቻዋን ስትጠይቅ ማን ይሰማታል? አንድ ነገር ልጨምር፤ ሐኪሞቻችን መድኃኒቱን በመሠረታዊ ስሙ ይዘዙ። በፋብሪካ ስም ሲታዘዝ ታካሚው «እሱን ካልሆነ» ይላል፣ ግል ፋርማሲ ሄዶ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ውስጡ ያለው መድኃኒት ግን አንድ ነው። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላይ የተጀመረው፣ የመድኃኒት ሂሳብ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራርም ጥሩ ነገር ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ምን ተረፈ፣ በየክኒኑ ይታወቃል። ሳሲት የጠረጠረውንም ያጋልጣል፤ ካለ።

ሂሳብ ክፍል
የመጀመሪያው ላይ ግን እኔ አልስማማም። ቅድሚያ ሰጥተህ ወረቀት ሳይመጣስ? አንዳንድ ተቋም ብሩን ለሌላ ጉድለት ያውለዋል። ጄኔሬተር ተበላሽቷል፣ ነዳጅ የለም፣ ይባላል። እውነትም ይሆናል። መድኃኒት ግን አይገዛም።

ነጭ ጋውን
ለመድኃኒት ብቻ ተብሎ በተለየ ሂሳብ ይግባ። የጤና ጣቢያው ቦርድ ላይ የሕዝብ ተወካይ አለ አይደል? እሱ ይፈርም።

ሂሳብ ክፍል
የሕዝብ ተወካዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ ይነገረዋል እንዴ? እኔ በሠራሁበት ወረዳ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ነበር ፊርማ የሚጠየቀው።

የምንጃር ነጋዴ
ይኼውላችሁ። እኔም የምለው ይኼን ነው። የቦርዱን ሰው እድሩ ይምረጠው። ሂሳቡም እድር ላይ ይነበብ። ስንት ገባ፣ ለማን ተከፈለ፣ የትኛው መድኃኒት ጠፋ። ያኔ ልጆቼ 18 ስላለፉም ቢሆን እከፍላለሁ።

ቀወት
ሲነበብ ግን የታካሚ ስም አይነበብ፤ ማን ምን እንደታመመ የሰፈር ወሬ ይሆናል። ቁጥሩ ብቻ ይበቃል።

እትዬ ወለላ
ይኼ ደህና ነው። የኛ እድር ወር በገባ በ12 ነው የሚሰበሰበው፣ ለዳኛው እነግረዋለሁ። ነጭ ጋውን ልጄ፣ አንተም የጠፋውን መድኃኒት ዝርዝር ጻፍና በሩ ላይ ለጥፍልን። ሰው ከሩቅ በእግሩ መጥቶ እዚያ ደርሶ «የለም» ከሚባል።

ነጭ ጋውን
መለጠፉን እለጥፋለሁ እትዬ። ኃላፊው እስኪያወርደው ድረስ።